ያልሰማሁት መልስ

የአክስቴ ልጅ እኛ ቤት ሲመጣ ስድስት ዓመቱ ነበር። የያዘው አንድ ፌስታል ልብስ ነው፤ ከልብሱም ግማሹ ጠቦታል። አባቱ ቀድሞ ሞቷል። እናቱ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና የአባቴን እጅ ይዛ «አደራ» ብላ አረፈች። ሌላ ቃል አልጨመረችም ይላሉ። ሰፈራችን ውስጥ «የአደራ ልጅ» ሲባል ቆየና አጠረ፤ «አደራ» መጠሪያው ሆነ። ዛሬም ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት፣ ጢሙ ሸብቶ፣ አደራ ነው።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» ብሎ የሚጀምር ሰው ቀጥሎ ክፉ ነገር እንደሚያወራ ስለማውቅ እንደዚያ ብዬ አልጀምርም። ይህን ሰው የበደልኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ በእጄ፣ አንድ ጊዜ በአፌ። የእጄን እግዜር ይቅር ይለኝ ይሆናል፤ ልጅ ነበርኩ። የአፌን ግን አርባ አምስት ዓመት ሙሉ በየትኛውም ቀን ላርመው እችል ነበር፤ አላረምኩትም።

እኔ በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ። ለእናትና አባቴ አንድ ነኝ፣ ሞልቃቃም ነበርኩ። አደራ ሲመጣ አልጋዬን አካፈልኩት። አካፈልኩት ስል በፈቃዴ እንዳይመስላችሁ፤ እማዬ ናት ከግድግዳው በኩል ያስተኛችው። የሰው ቤት ልጅ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር። ሲተኛ ቦታ እንዳይወስድ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቀጥ ይላል። ምግብ ሲቀርብ «ብላ» ካልተባለ አይጀምርም፤ የሚያቆመውም ሲጠግብ ሳይሆን እኛ ስናቆም ነው። እኔን «ወንድም ጋሼ» እንዲለኝ ታዘዘ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። አባቴን «ጋሼ»፣ እማዬን «እትዬ» ይላል። አንድ ቀን ምሳ ላይ አምልጦት አባቴን እኔ እንደምለው «አባባ» አለው። አባቴ ቀና ብሎ አየው፤ ደስ ያለው ይመስለኛል። እማዬ ግን ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ «ጋሼ በለው» አለች። የሞተው አባቱ እንዳይረሳው ብዬ ነው ስትል ኋላ ነግራኛለች፤ ማመን አለማመን የእናንተ ነው። አደራ «እሺ እትዬ» አለና ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

አባቴ አናጢ ነበር። የሥራ ቤቱ ከመኖሪያችን ጀርባ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ክፍል ነው። በአንድ በኩል ሳንቃ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ በሌላው በኩል መሮና መላጊያ የሞላበት የመሥሪያ ጠረጴዛ፤ ጥጉ ላይ ክብ መጋዙ። ወለሉ ዓመት እስከ ዓመት ሰጋቱራ ነው። ጫማችንን በር ላይ አራግፈን ብንገባም አልጋችን ውስጥ እናገኘዋለን። መጋዙ ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የመጣ፣ ያገለገለ ማሽን ነበር። አባቴ ሞተሩ ውስጥ ብናኝ እንዳይገባ ብሎ ከግድግዳው ማዶ ትንሽ ክፍል ሠራና እዚያ አስቀመጠው፤ ቀበቶው በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ መጋዙን ያዞራል። ማብሪያ ማጥፊያውም እዚያው ሞተሩ ዘንድ ነው። እንግዲህ ሞተር የሚያስነሳው ሰው መጋዙ ላይ የቆመውን አያይም፤ የቆመውም የሚያስነሳውን አያይም።

ለዚህ ነው አባቴ ሕግ ያወጣው። ማብሪያው ጋ ያለው «ላስነሳ?» ብሎ ይጣራል። መጋዙ ጋ ያለው እጁንም እንጨቱንም አይቶ «አስነሳ» ብሎ ይመልሳል። ይህን ሳይሰሙ ማብሪያውን መንካት የለም። «መልስ ካልሰማህ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይደር» ይለን ነበር። ይፈትነንም ነበር፣ ተንኮለኛው። አንዳንዴ «ላስነሳ?» ስንለው ከመጋዙ ራቅ ብሎ ቆሞ ሆን ብሎ ዝም ይላል። አደራን ስንት ጊዜ ፈትኖታል፤ ያ ልጅ እስኪመሽ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አይነካትም። እኔን ሁለት ጊዜ ፈተነኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሳለፈኝ በጥፊ ነው። ስለዚህ «አላወቅኩም ነበር» የምትል ማመካኛ የለችኝም።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ረፋድ ላይ። እኔ አሥራ አምስት፣ እሱ አሥራ ሦስት ዓመት። አባቴ ለአንድ ትምህርት ቤት ስልሳ ዴስክ ሊሠራ ተስማምቶ ሳምንቱን ሙሉ እንጨት ስንሰነጥቅ ከርመናል። መጋዙ ላይ መቆም የነበረብኝ ትልቁ እኔ ነኝ፤ ግን ሰጋቱራው ያስነጥሰኛል ብዬ ቦታ ቀየርኩት። «እሺ ወንድም ጋሼ» አለ። ምን ብሎ እምቢ ይላል? አባቴ በፊት ለፊት በር በኩል ከደንበኛ ጋር ቆሞ ያወራል። ጓደኞቼ ኳስ ይዘው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል፤ በየደቂቃው ያፏጩልኛል። የቀረን አምስት ሳንቃ ነው። «ላስነሳ?» አልኩ። ፉጨት ሰማሁ። ተጫንኩት።

መልስ አልሰማሁም። ፉጨቱን ከመልስ ጋር አምታትቼው ነው ብዬ ራሴን ላታልል ብዙ ዓመት ሞክሬአለሁ፤ አይሆንም። ፉጨት ፉጨት ነው። መልስ እንዳልመጣ ጣቴ ማብሪያው ላይ እያለ አውቅ ነበር፤ ይመጣል ብዬ ቀደምኩት።

መጋዝ እንጨት ሲነካና ሌላ ነገር ሲነካ ድምፁ አንድ አይደለም። አጥፍቼ ዞሬ ሮጥኩ። አደራ ቀኝ እጁን በግራው ጨምቆ ቆሟል፤ አልጮኸም። በመጋዙ ጥርሶች መካከል የተሰነቀረች ስንጥር ሊያወጣ ነበር እጁን የሰደደው። ሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ ከሥራቸው ሄደዋል፤ የቀለበት ጣቱም ግማሽ የለም። ሸሚዜን አውልቄ ጠቀለልኩለትና በጀርባዬ አዝዬ ጤና ጣቢያው ድረስ ሮጥኩ። ሮጫለሁ፤ እሱን አልክድም። አባቴ በሩ ላይ ደረሰብን።

ነርሷ ውኃና ፋሻ ስታዘጋጅ አባቴ እኔን በትከሻዬ ይዞ «መልስ ሰምተሃል?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩ። «‹አስነሳ› ብሎኛል።»

ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለስኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ወጣ፣ አለቀ። አባቴ ወደ አደራ ዞረ። «ብለሃል?» አለው። የልጁ ከንፈር ነጭ ሆኗል። ረጅም ጊዜ አየኝ። በዓይኑ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ ነበር፤ የነበረው ግን ጥያቄ ነው፣ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ሲጠፋው ቀና ብሎ እኔን እንደሚያየኝ ዓይነት። ከዚያ «ብያለሁ መሰለኝ፣ ጋሼ» አለ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ እያወቀ የሸፈነልኝ መስሎኝ ነበር። የሰው ቤት ልጅ ነው፤ በቤቱ ልጅ ላይ መመስከር ፈርቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ብዕሬን ሰጠሁት። ኳሴን ሰጠሁት። አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ተጠግቼ ሰፊውን ለቀቅኩለት። አንድ ቀን ግን፣ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ደንበኛ እጁን አይቶ «ምን ሆነህ ነው?» ሲለው ሰማሁ። «በራሴ ጥፋት ነው። ‹አስነሳ› ብዬ እጄን ሰደድኩ» አለው። እኔ እዚያ መኖሬን አላወቀም። ለማንም ሲል አልነበረም የተናገረው። «መሰለኝ» የምትለዋ ቀርታለች። ያን ጊዜ አመነው ማለት ነው አልኩ በልቤ፤ ልክ ከወገቤ ጆንያ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ከሁሉም የማፍረው በዚህ ነው። ማዘን ሲገባኝ ተገላገልኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኛ ቤቱ እያደር ነው የጨለመው። እማዬ «ድሮም ልቡ አብሮት አይደለም» አለች፤ ይኸው ቃል በየቤቱ ዞረ። ብርጭቆ ሲያነሳ «ቀስ በል» ይባላል። ውኃ ሲያፈላ አንድ ሰው አጠገቡ ይቆማል። ከእሱ ይልቅ ብርጭቆ የምሰብረው እኔ ነበርኩ፤ የእኔ ግን «እጁ አዳልጦት» ነው። በግራ እጁ ልጻፍ ሲል አስተማሪው አልፈቀደለትም፤ በቀኙ ደግሞ ብዕር አልቆም አለው። እስኪድን ሲቀር፣ ሲቀር፣ ትምህርቱ እንደዋዛ ቀረ። አባቴ ማብሪያውን በሳምንቱ ግድግዳ ሰብሮ ሽቦ ስቦ መጋዙ አጠገብ አደረገው፤ ሲሠራ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። አደራንም ማሽን እንዳይነካ ከለከለውና ኮላ መቀባት፣ ማለስለስ፣ ቫርኒሽ ላይ አዋለው።

ያ ልጅ ከዚያ ተነስቶ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። መዶሻ በግራው ለመደ፤ አውራ ጣቱ ስንት ጊዜ አብጦ ሰነበተ። መሮውን በቀኙ መዳፍና በትንሿ ጣቱ መሐል አጣብቆ ይይዛል፤ ሰው ሲያየው የሚወድቅበት ይመስለዋል፣ አይወድቅበትም። ሃያ ዓመት ሲሞላው እሱ የገጠመው በር በክረምትም አያብጥም፣ በበጋም አይላላም የሚል ስም አወጣ። አባቴ ሲደክመው ሥራ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። እማዬንም እሱ ጦራት፤ መጨረሻ ላይ «ልጄ» ትለው ነበር፣ እሱ «እትዬ» ማለቱን አልተወም። እኔ ተምሬ መዝገብ ቤት ገባሁና ሠላሳ ስምንት ዓመት ወንበር ሳሞቅ ኖርኩ። ወንበሩንም የሠራው እሱ ነው።

ያገባውም ዘግይቶ ነው፣ በሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ ክርና የልብስ ቁልፍ የምትሸጥ አንዲት ቀልደኛ ሴት። ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤቱ አንድ ቀን እየሳቀች «ይኸ ወንድምህ ልጁን ቆሞ አያቅፍም» አለችኝ። «ለምን?» አልኳት። «‹ልቤ ከሄደ እጥላታለሁ› ይላል። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ ነው የሚያቅፋት።» እሷ ስቃ ጨረሰች። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

አዲስ መጋዝ ከተገዛ በኋላ ማብሪያው ማሽኑ ላይ ነው፤ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። አደራ ግን ብቻውን ሲሠራም «ላስነሳ?» ይላል፤ ዝም ብሎ እጁን ያያል፤ «አስነሳ» ብሎ ራሱ ይመልሳል፤ ከዚያ እንደገና «ላስነሳ?»፣ እንደገና «አስነሳ»። ሁለት ሁለት ጊዜ። ሠራተኞቹ ይስቁበታል፤ «አለቃችን ከራሱ ጋር ስብሰባ ላይ ነው» ይላሉ። እኔ ያን ስሰማ ወደ ውጭ እወጣለሁ።

ልናገር የምችልበት ጊዜ አልጠፋም። አባቴ ታሞ አልጋ ላይ በዋለበት ዓመት ገላውን የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው አደራ ነበር፤ እኔ እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዤ ብቅ እላለሁ። አንድ እሑድ አባቴ እጄን ያዘኝና «ያን ማብሪያ ከመጀመሪያው መጋዙ ጋ ባደርገው ኖሮ» አለ። «እህቴ አደራ ብላኝ ልጇን አጎደልኩባት።» እንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ። አንድ ዓረፍተ ነገር ትበቃው ነበር። «አባባ አትድከም፣ ተኛ» አልኩት። በአሥራ አንደኛው ቀን ያንን ጸጸት እንደያዘ ሞተ። ከቀብር ስንመለስ አደራ ትከሻዬን ይዞ ያጽናናኝ ነበር፤ እኔም ተጽናናሁ፣ ምን ይደረግ፣ ዓይን አውጣነት ወሰን የለውም።

እንዲህ እየሆንን ስድሳ ሞላኝ፤ ጡረታ ወጣሁ። የእሱ ደረት ደግሞ ተበላሸ። የአርባ ዓመት ብናኝ ነው። ሐኪሙ «ከሥራ ቤቱ ካልወጣህ ደረጃ መውጣት ያቅትሃል፣ ቀጥሎ መተኛትም ያቅትሃል» አለው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ያኔውኑ ከመንገዱ ማዶ ያለው የሙያ ማሠልጠኛ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ፈልጎ እሱን ጠየቀው። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ብናኙን የሚስብ ማሽን አለው፣ ማስተማር እንጂ ቀኑን ሙሉ መሰንጠቅ የለበትም። ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? አደራ ግን እምቢ አለ። ባለቤቱ እኔ ዘንድ መጣች፤ ያን ቀን አልቀለደችም።

«‹ልቡ የሚሄድ ሰው የሰው ልጅ ማሽን ፊት አያቆምም› ይላል» አለችኝ። «ትንፋሹን ስሰማው ፍርሃት ይይዘኛል። አንተን ይሰማል። እባክህ ንገረው።»

«እነግረዋለሁ» አልኳት። ምን እንደምነግረው እሷ አላወቀችም፤ እኔ ግን አወቅኩ። አሁን ዝም ካልኩ ሰውየውን ሁለተኛ እቆርጠዋለሁ።

እሑድ ከሰዓት ሄድኩ። ሥራ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነው፤ ለአንድ ቁም ሣጥን መሳቢያ ይገጥማል። አፍንጫውንና አፉን በጨርቅ ሸፍኗል።

«ግባ ወንድም ጋሼ። ያቺ ወንበር ላይ ግን እንዳትቀመጥ፣ ኮላዋ አልደረቀም።»

ቆሜ ቀረሁ። «የማሠልጠኛውን ሥራ እምቢ አልክ አሉ።»

«እሷ ነግራሃለች» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁን ሳል ቆረጠው። «ሃያ አምስት ልጅ ነው። ሃያ አምስት እናት አደራ ብላ የላከችው። እኔ ደግሞ ልቤ ዞር እንደሚል ታውቃለህ።»

«አይዞርም።»

«ይኸው ምስክሩ» ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ።

«አደራ፣ ስማኝ» አልኩት። «ያን ቀን ‹አስነሳ› አላልክም። እኔ ‹ላስነሳ?› አልኩ፤ መልስ አልሰማሁም። ልጆቹ ያፏጩልኝ ነበር፣ ቸኮልኩ፣ ተጫንኩት። አባባ ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። አንተ ምንም አላጠፋህም። ልብህም የትም አልሄደም።»

መሳቢያውን በቀስታ አስቀመጠው። ለዚህች ደቂቃ ብዙ ተዘጋጅቻለሁ። ቢመታኝ አልከላከልም፤ ቢያለቅስ አብሬው አለቅሳለሁ፤ «ከቤቴ ውጣ» ቢል እወጣለሁ። እሱ ግን ጨርቁን ከአፉ ዝቅ አድርጎ በርኅራኄ ነው ያየኝ።

«ይኸን ያህል አስጨነቀችህ?» አለ።

«ማን?»

«ባለቤቴ ናታ። ‹ወንድም ጋሼ ያሳምንሃል› ብላኝ ነበር። እንዲህ በል ብላ ግን አልላከችህም፤ ይቺ ዘዴ ያንተው ናት።»

«እውነቴን ነው የምልህ።»

«ድምፄን እኮ አስታውሰዋለሁ» አለ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብሎ። «‹አስነሳ› ስል ጉሮሮዬ ውስጥ ብናኝ ነበር፣ ድምፄ መሐል ላይ ተሰበረ። ልድገመው ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ሰምቶኛል ብዬ ተውኩት። ከዚያ ስንጥሯን አየሁና እጄን ሰደድኩ። ዛሬ የሆነ ያህል ይታየኛል።»

ይህ ነገር ከቶ አልነበረም። እኔ የሰጠሁት አንድ ቃል ብቻ ነው። ብናኙን፣ የተሰበረውን ድምፅ፣ «ልድገመው ይሆን»ን እሱ ነው የጨመረበት። አርባ አምስት ዓመት ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ ሲፈልግ ኖሮ፣ ባዶ ቦታውን ሁሉ ሞልቶታል፤ ሥራው እንደ በሮቹ ነው፣ ክፍተት የለውም።

«የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» አልኩ።

«ተው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አከበደብኝ። «ለእኔ ብለህ በጋሼ አጥንት አትማል። ሸሚዝህን ያወለቅክልኝ አንተ ነህ። በጀርባህ አዝለኸኝ ስትሮጥ ልብህ ሲመታ በጀርባህ በኩል ይሰማኝ ነበር። ነርሷ ‹ትንሽ ብትዘገዩ ደሙ ያልቅ ነበር› ብላለች። ከዚያም ብዕርህን ሰጠኸኝ፣ ኳስህን ሰጠኸኝ፣ አልጋህን ለቀቅክልኝ። ለሰው ቤት ልጅ ማን እንዲህ ያደርጋል? አሁን ደግሞ በስተርጅና ጥፋቴን ልትሸከምልኝ መጣህ። ይበቃል፤ ይኸን አላስሸክምህም።»

«አንተ ደንቆሮ፣ ስማኝ እንጂ» ብዬ ጮኽኩ።

«ስትቆጣ ቁርጥ ጋሼን» አለና ፈገግ አለ። ሻይ ላፍላልህ ብሎ ተነሳ። የሰጠሁትን ሁሉ ለምስክርነት ቆጠረልኝ፤ ሁሉም ደግሞ እውነት ነው። ሻዩን ጠጣሁ። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኝቶኝ ተመለሰ፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ ትንፋሹን ለመሰብሰብ ግድግዳውን ሲደገፍ አየሁት።

በነጋታው ሰኞ ማሠልጠኛው ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። እሱ ባያምነኝ እነሱ ያምኑኛል፤ እነሱ ካመኑ ደግመው ይለምኑታል ብዬ ነው። ዳይሬክተሯ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት ተከምሯል፤ ግን ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ፉጨቱን፣ ማብሪያውን፣ ጤና ጣቢያውን፣ የአባቴን አልጋ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጥርቼ ተናግሬ አላውቅም። ከልክሎት የኖረው የእኔ ውሸት ነው፣ እሱን የሚያክል ጠንቃቃ ሰው አታገኙም አልኳት።

አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጇን አጣመረች።

«ዛሬ በማለዳ ደውለውልኝ ነበር» አለች።

«ማን?»

«አቶ አደራ። ‹ወንድሜ ይመጣል› አሉኝ። ‹ጥፋቱ የእኔ ነው ይልዎታል፤ ምሎም ተገዝቶም ይነግርዎታል። አይመኑት፣ ግን አክብረው ይስሙልኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ ለእኔ እንዲህ ነው› አሉኝ። በእሳቸው ቦታ ሥራ ቤታቸው ውስጥ ያስተማሩትን አንድ ልጅ እንድንወስድ ነገሩን፤ እሱም ዛሬ ይጀምራል።»

«እመቤቴ፣ እውነቱን ነው የነገርኩዎት» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። ፊቷ ላይ ያየሁት ንቀት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ አክብራኛለች። ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝና እስከ በሩ ሸኘችኝ።

«እንዲህ ያለ ወንድም ለሁሉም ይስጥ» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ።